የታቀፈችው ሴት ልብ

ፀሐይ ወደ ምድር ሥሩ ሰፈር የምትደርሰው ረፋድ ላይ፣ በመስታወት ቱቦ እየተቀዳች ነው። የአፋር ሙቀት ከላይ ሰው አላስቀምጥ ካለ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በአንዱ ረፋድ የሰፈሩ ጤና ሠራተኛ መዲና የክትባት መዝገቡን በስክሪን ከፈተችና ግራ ተጋባች። የሰፈሩ ሕፃናት አንድ መቶ አሥራ ስምንት ናቸው፤ የኩፍኝ ክትባት የወሰዱት ግን አንድ መቶ ሠላሳ አንድ።

«ከተወለዱት የተከተቡት እንዴት ይበልጣሉ?» አለች ለራሷ።

አጥፍታ ብታበራውም ያው ነው። በአጎራባቹ ሰፈር ሦስት ሕፃናት በኩፍኝ ታመዋል፤ ያልተከተበ ልጅ ካለ ዛሬውኑ ማግኘት አለባት። መዝገቡ ደግሞ አንድም የቀረ የለም ይላል።

ቴክኒሻኑን ያዮን ጠራችው። ያዮ ክትባቱን የሚሰጠውን የግድግዳ ማሽን፣ ሰፈርተኛው «ወጊው» የሚለውን፣ ፈትቶ ገጠመው።

«ጤነኛ ነው» አላት። «የሕፃን አሻራ ገና አይነበብም፣ መልኩም በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ስለዚህ ወጊው ሕፃኑን የታቀፈችውን ሴት የልብ ምት ያዳምጥና ‹የእሷ ልጅ ተከተበ› ብሎ ይመዘግባል።»

«የታቀፈችው እናቱ ካልሆነችስ?»

«ሌላ ሰው ለምን ያቅፈዋል?» አለ ያዮ፤ እሱም ግራ ገብቶት።

መዲና መዝገቡን እንደያዘች እማማ ሞሚና ዘንድ ሄደች። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ወልደው አያውቁም።

«እማማ፣ አራት ሕፃናት አሉዎት ይላል።»

አሮጊቷ ከት ብለው ሳቁ። «አሳንሶታል! ይልቅ እሱን ተዪና እኛን ጠይቂን።»

የሰፈሩ ሴቶች ተጠርተው መጡ።

«መሐመድን መጀመሪያ እናቱ፣ ሁለተኛውን ዙር እኔ ነኝ ያስወጋሁት፤ ጣቴን ነክሶኛል» አለች አንዷ፤ ወጊው ሁለት ልጅ ብሎ ቆጥሮት ነበር።

«የዘህራን ልጅ ያን ቀን አተኮሳት፤ ሳትወጋ መለስኳት» አለች ሌላዋ።

መዲና የሚሉትን በእጇ ጻፈች። ስምንት ያልተከተቡ ሕፃናት ተገኙ። ከዚያ መዲና ሥራ ስትውል ልጇን የምትይዝላት ጎረቤቷ አስያ አቀረቀረች።

«መዲና... ሐዋም አልተከተበችም።»

«የኔ ሐዋ? መዝገቡ እኮ ተከትባለች ይላል! አንቺ የወሰድሻት መስሎኝ...»

«እኔ ደግሞ እናቷ ጤና ሠራተኛ ሆና እንዴት ትቀራለች ብዬ ተውኩት። ረመዳን ላይ ታምሜ ልጄን ታቅፈሽ ያስከተብሽልኝ አንቺ ነሽ። ወጊው ያንን ለሐዋ ቆጥሮት ነው።»

 መዲና የሌሎችን ልጆች ስትፈልግ፣ ያልተከተበችው ልጅ የገዛ ቤቷ ውስጥ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ እያመጡላት ዘጠኙንም በእጇ ከተበች። የመጨረሻዋ ሐዋ ነበረች። የአሥራ አንድ ወሯ ሕፃን መርፌው ሲነካት ጮኸችና ሁለት እጆቿን ዘረጋች፤ ወደ እናቷ ሳይሆን ወደ አስያ።

አስያ ደንግጣ መዲናን አየቻት። መዲና ይክፋት ወይስ ደስ ይበላት አላወቀችም። «ተቀበያት» አለች።

ያዮ መዝገቡን ለማረም ተቀምጧል። «የእናት ስም የሚለው ቦታ ለአንድ ሰው ብቻ ነው» አለ። «ለሐዋ ማንን ልጻፍ?»

«ቦታውን አስፋው» አለችው መዲና።

«ለስንት ሰው?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቁጥሩን የሚያውቅ አልነበረም።