ያልተረገጠው ሰርዶ

ሐጂ ሙነወር በባዶ እግራቸው፣ ከአዲሱ ሰርዶ ዳር ተደፍተው፣ ሞተው ተገኙ። ማለዳ ማለዳ በጤዛ ላይ መራመድ ለዓይን ይበጃል ይሉ ነበር። አዲሱን ግን ሥር እስኪይዝ አይረግጡትም፤ በግንቡ ሥር በተረፈችው የድሮ ሣር ላይ ብቻ ነበር የሚመላለሱት። የውሃ ሞተሩ የኤሌክትሪክ ገመድ እዚያችው ሣር ውስጥ ተላጦ ተጋድሟል።

ሚስታቸው ቢልቂስ ለማልቀስ እንኳ ጊዜ አላገኙም። ሞተሩን ማታ ማታ ለማንጎዎቹ የምታስነሳው የልጅ ልጃቸው ዙህራ ናት። ሰርዶውም የተተከለው ለእሷ ሠርግ ነበር፤ አሁን ፖሊስ ሊወስድብኝ ነው ብለው እጇን ጨምድደው ይዘዋል። ቁርስ እንኳ አልቀመሰች!

ኢንስፔክተር ሩክሳና ተንበርክካ አፈሩን ዳበሰች። ከዚያ ወደ ሟቹ ታናሽ ወንድም ወደ ጀምሺድ ዞረች።

«ምን ሰማህ?»

«ሞተሩን። ወንድም ጋሼ እንደ ልማዳቸው አዲሱን ሣር በጎማ ሲያጠጡ ነበር። ዙህራ ናት ያስነሳችላቸው። ልጅ ናት፣ ገመዱን ልብ አላለችም።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ተኝቼ ነበር!»

«ዝም በይ! ለአንቺው ነው የምከራከረው።»

ኢንስፔክተሯ ቢልቂስን ለብቻ ጠየቀች። «እማማ፣ በቤቱ ጠብ ነበር?»

«የወንድማማች ጭቅጭቅ ምን ጠብ ይባላል?»

«በምን ተጨቃጨቁ?»

«ጀምሺድ ከካራቺ የመጣው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። በግማሹ ግቢ ቤት ልሥራ ሲል፣ እሳቸው ሣር ተክዬበታለሁ አሉት።» ወዲያው ከንፈራቸውን ነከሱ። ሙሽራ ሆነው ሲመጡ ጀምሺድ ገና ድክ ድክ ይል ነበር፤ አጉርሰው፣ አጥበው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

ሁሉም በረንዳው ላይ ተሰበሰቡ።

«ገመዱ በቢላ ነው የተላጠው፤ ስህተት አይደለም» አለች ሩክሳና። «አሁን ሰርዶውን እዩት። የተተከለው ቁርጥራጭ ጭቃ ላይ እንደተሰካ ነው። በጎማ ቢለቁበት ውሃው ጠራርጎ ይወስደው ነበር። አንዷም አልተነቃነቀችም፤ ሐጂ ዛሬ በሞተር አላጠጡም። እማማ፣ ሐጂ በምን ነበር የሚያጠጡት?»

«በማጠጫ ቆርቆሮ። ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ ለሕፃን ወተት እንደሚሰጥ።»

«የምሞላላቸው እኔ ነኝ» አለች ዙህራ እየተንሰቀሰቀች።

«የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የሞተር ወሬ ሊፈጥር የሚችለው፣ ሣሩ ሲጠጣ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። በጤዛው መራመዳቸውን ግን ከልጅነትህ ጀምሮ ታውቃለህ፣ ጀምሺድ። ገመዱን ልጠህ፣ ኤሌክትሪክ እንዳለበት በመንገዳቸው ላይ ያጋደምከው አንተ ነህ።»

ጀምሺድ ያየው ቢልቂስን ብቻ ነበር። «እትዬ… ግማሹን ብቻ እኮ ነው የጠየቅኋቸው።»

አንድ ፖሊስ ክንዱን ይዞ በአዲሱ ሣር መሐል ሊያቋርጥ ሲል ቢልቂስ ጮኹ።

«አትርገጠው!»

ጀምሺድ ቀጥ አለ። ልጅ ሳለ ሲቆጡት እንደሚያደርገው አንገቱን ደፍቶ፣ ዳር ዳሩን ዞሮ ወጣ።

ቢልቂስ የዙህራን እጅ ቀስ ብለው ለቀቁ።

«ሂጂ ልጄ፣ ማጠጫውን ሙዪልኝ። ፀሐይ ሳይበረታበት።»