በዝናብ የጋለው ቆርቆሮ

እኔ ነርስ ነኝ፣ ሰው ሲወለድም ሲሞትም አጠገቡ ቆሜአለሁ፣ አንድም ቀን ግን ነፍስ በመስኮት ስትወጣ አላየሁም፣ አምቦ በምሠራበት ጤና ጣቢያ አስታማሚዎች "ሲስተር፣ እዚያ ጥግ የሆነ ነገር ያንኳኳል" ሲሉኝ "ድመት ነው፣ ተኙ" ብዬ የማልፍ ሰው ነኝ፣ እናቴ ጴንጤ ናት፣ ቸርች ውስጥ ጋኔን ሊወጣ ነው ሲባል እንኳ እኔ ሻይ ልጠጣ ብዬ ሹልክ እል ነበር። ስለዚህ ይቺ ሴትዮ ወሬ ትወዳለች እንዳትሉኝ፣ የምነግራችሁ በጆሮዬ የሰማሁትን፣ በዓይኔም ያየሁትን ነው።

የሆነው ሸነን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ እናቴ ቤት፣ ታላቅ ወንድሜ ደበላ በተቀበረ ማግስት ነው። ደበላ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር፣ ጉደር ሲያስተምር አንድ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የማይጠየቅ ነገር ጠየቀ፣ ብዙም ሳይቆይ "ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል" የምትል ደብዳቤ ደረሰችውና ወደ ሸነን ተዛወረ፣ እኔ ስናደድ እሱ ሳቀ፣ "ምን አለበት፣ ሃርሜ አጠገብ ሆንኩ" አለኝ። ሃርሜ የምንለው እናታችንን ነው። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ቤት፣ ከቤት ትምህርት ቤት ሆነ፣ ሚስት አግባ ቢሉት አልሰማ፣ አምቦ እኔ ጋ እንኳ መጥቶ ሳያድር ይመለሳል።

አንድ ቅዳሜ ልጠይቃቸው ስሄድ ደበላ ሬዲዮ ላይ ስለሰማው ነገር ሲያወራን ዋለ፣ ሩቅ ያለ አንድ ኮከብ አጠገብ አዲስ ፕላኔት አገኙ አለ፣ ከኛይቱ ምድር እጅግ የሚበልጥ፣ ሁለመናው ጋዝ፣ እግር የሚያርፍበት መሬት የሌለው፣ ግን ኮከቡን ከመጠጋቱ ብዛት እየነደደ የሚዞር፣ አንድ ዓመቱ አንድ ሳምንት እንኳ የማይሞላ፣ ደግሞ አንደኛው ፊቱ ሁልጊዜ ወደ እሳቱ ነው፣ አይዞርለትም። ይህን ሁሉ በኦሮምኛ ለሃርሜ ሲያስረዳት በጥሞና ሰማችውና "ታዲያ ለምን አይሸሽም?" አለችው።

"ስቦ ይዞታል፣ ሃርሜ። ድሮ ሩቅ፣ ብርድ ቦታ ነበር የሚሉም አሉ። አንዴ ከቀረበ በኋላ ግን መመለሻ የለውም።"

"ዋይ፣ ምስኪን!" አለች፣ የጎረቤት ልጅ የታመመ ይመስል።

ክረምት ሲገባ ደበላን ትኩሳት ያዘው። ምልክቱን በኋላ ሲነግሩኝ ገባኝ፣ ግርሻ የሚሉት ትኩሳት ነበር፣ እኔ የምሠራበት ቤት መደርደሪያ ላይ ያለ ተራ መድኃኒት የሚያድነው በሽታ። ጎረቤታችን ሐጂ ከማል፣ ስልጤ ናቸው፣ ሸነን ሱቅ ከፍተው የኖሩ ሰው፣ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሮጡ፣ መኪና ያለው እዚያ ነው። ኃላፊውን፣ ስሙን አልጠራውም፣ በር ላይ አገኙት።

"ልጁ ሊሞትብን ነው፣ አምቦ ድረስ መኪናዋን ፍቀድልን" አሉት።

"መኪናዋ ለነገው ስብሰባ ወንበር ልታመጣ ትወጣለች፣ ሐጂ። ከስብሰባው በኋላ እናያለን።"

እናያለን! መኪናዋ በዓይናቸው ፊት ቆማ ነበር። በቃሬዛ ተሸክመውት በጭቃ ወጡ፣ ዋናው መንገድ ሳይደርሱ ሞተ። መንገድ ላይ "በዚህ በኩል ብቻ ተቃጠልኩ" እያለ ግራ ፊቱን ይይዝ ነበር አሉኝ፣ ሰውነቱ ግን ሁሉም እሳት ነበር።

እና በቀበርነው ማግስት፣ ገና ለቅሶው ሳይበርድ፣ ካፊያ እየጣለ፣ ለቀስተኛው ቤቱን ሞልቶት ሳለ ያ ኃላፊ መጣ። እመኑኝ፣ ጫማው እንኳ ጭቃ አልነካውም፣ በዚያችው መኪና ነው የመጣው። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎ ሄዶ ከሃርሜ ጎን ተቀመጠ። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሰው አይባረርም።

ያን ጊዜ ጣሪያው ቀጭ አለ።

ቆርቆሮ ቤት ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲያግለው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ግን ፀሐይ የት አለ? ካፊያ ነው፣ ብርድ ነው፣ ጋቢ ተከናንበናል። ድምፁ ከበሩ በላይ ጀመረ፣ በግድግዳው ጥግ ሄደ፣ በጓዳው በኩል አለፈ፣ ተመልሶ በሩ ላይ መጣ፣ ከዚያ እንደገና። ይዞራል። ባለፈበት በኩል የካፊያው ድምፅ ጥፍት ይላል፣ ካለፈ በኋላ ይመለሳል። የቸርቹ ሽማግሌ መዝሙር ጀመሩ፣ ማንም አልተቀበላቸውም፣ ሁሉም ቀና ብሎ በዓይኑ ይከተላል። እኔ ወጥቼ አየሁ፣ ቆርቆሮው ላይ እንፋሎት ቀለበት ሠርቶ ይጨሳል፣ ሐጂ ከማል ከውጭ ቆመዋል፣ "አይተዋል አትበይኝ፣ አላየሁም" አሉኝና አስተግፊሩላህ እያሉ ፊታቸውን አዞሩ።

ስመለስ ኃላፊው ፊቱ አመድ መስሏል። ክበቡ እየጠበበ ሄዶ ልክ እሱና እናቴ ካሉበት በላይ ይዞር ነበር። ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያየው፣ እኔም፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ደስ አለኝ፣ በለው፣ ያዘው ብዬ በልቤ ጮህኩ። ሰውዬው "ስብሰባ አለብኝ" ብሎ ተነሣ፣ መኪናዋ ስትሄድ ሰማን፣ እኔም ጆሮዬን ከመኪናዋ ኋላ ሰደድኩ።

ድምፁ ግን አልሄደም።

ሃርሜ ነጠላዋን ሰብስባ ብድግ አለች፣ ጓዳ ገባች፣ ቀጭ ቀጩ ተከትሏት ጓዳ ገባ። ከጓዳ ወደ መኝታ ቤት ሄደች፣ እዚያም ሄደ። በር ላይ ይዣት "ሃርሜ፣ ምንድነው?" ስላት ሁለት ቀን አልቅሳ ያልጠራ ፊቷ ፈካ፣ "ዱፌራ" አለችኝ፣ መጥቷል ማለቷ ነው። ግራ ጉንጯን ነካሁት፣ ያተኮሰው ሰው ጉንጭ ነው፣ የቀኙ ብርድ ነበር።

ያ ኃላፊ ዞን ድረስ አደገ፣ አምቦ ትልቅ ቤት ሠራ፣ አንድ ጊዜ ለደም ግፊቱ እኔው ጋ መጥቶ ለካሁለት፣ ደህና ነው፣ ከኔ ይሻላል። ሃርሜ ግን አምቦ ልውሰድሽ ብላት፣ ብለምናት፣ ባለቅስባት እምቢ አለች። ለቀስተኛ የነበረ ሁሉ ደጇን ረሳ፣ ከሐጂ ከማል ሚስት በቀር የሚረግጠው ጠፋ። በሄድኩ ቁጥር ከስታ አገኛታለሁ፣ ግራ ፊቷ አጨዳ እንደዋለ ሰው ጠቁሮ፣ ከንፈሯ በአንድ በኩል ተሰነጣጥቆ፣ ቅባት ስቀባት ትስቃለች፣ "ተዪው፣ አይጎዳኝም" ትላለች። እኔ እሳት ላይ ያለ ሰው አይቻለሁ፣ ይጎዳታል። በሁለተኛው ክረምት ሞተች፣ የሞተችበትን ምክንያት ስጠየቅ "እርጅና" አልኩ፣ ሌላ ምን ልበል?

ቤቱን ዘግቼ መጣሁ። የሐጂ ከማል ሚስት አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች፣ ዝናብ ሲጥል ቆማ ታዳምጥልኛለች፣ "አብሽሪ እህቴ፣ ከቀበርናት ወዲህ ጣሪያው ዝም ብሏል" ትለኛለች፣ ልታጽናናኝ ነው። አመስግኛት ስልኩን እዘጋለሁ፣ ከዚያ እስኪመሽ ድረስ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስበው፣ እዚያ ከሌለ ታዲያ ማን ጋ ሄደ?