ወፍራሙ ገመድ

ሰውየው ሙዚቃ በሚሰማበት ክፍል፣ ተወልውሎ ገና ያልደረቀ ሲሚንቶ ላይ፣ በባዶ እግሩ ተዘርሮ ተገኘ። አምፕሊፋየሩን የነካበት እጁ ተቃጥሏል። ሰፈሩ «ጆሮ» ይለው ነበር፤ እሱም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጆሮነቱን ማንም እንዲረሳበት አይፈልግም ነበር።

መርማሪዋ ስትደርስ ሰፈሩ ፍርዱን ጨርሷል። ገዳዩ ታናሽ ወንድሙ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል! ወንድማማቾቹ ስለ አምፕሊፋየሩ ገመድ ሲነታረኩ ነው የኖሩት። ጆሮ ጥሩ ገመድ ድምፅ ያጠራል ይላል፤ ታናሹ ገመድ ያው ገመድ ነው፣ ተሞኝተሃል ይለዋል። አሁን ግን እጁ በካቴና ታስሮ ቢጠይቁት ቢያስጠይቁት ዝም አለ። ልብስ ሰፊዋ የሟች ሚስትም ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ፣ እሱ ወንድሙን አይገድልም ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም።

ለጆሮ አምፕሊፋየር ወፍራሙን የኃይል ገመድ የሸጠለት ነጋዴ ሲጠየቅ ላብ አጠመቀው። አምፕሊፋየራቸው ጥዝ እያለ ለሚያስቸግራቸው ደንበኞች ሁሉ አንድ ዘዴ እንደሚነግር አመነ፤ ስፒናው ውስጥ ያለውን ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ መቁረጥ ነው።

መርማሪዋ የጆሮን ስፒና ፈትታ አየችው። ያን ጊዜ ሥራዋን ጠላችው።

ወንድምየውን፣ ሚስቲቱንና ነጋዴውን እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«አምፕሊፋየሩ አርጅቶ ቆርቆሮው ኤሌክትሪክ ይዟል» አለች። «ስፒናው ውስጥ ያለው ሽቦ ባይቆረጥ ወደ መሬት ያወርደው ነበር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የቆረጠውን ጫፍ በናስትሮ ይሸፍናል። ይሄ ግን እንዳይተረተር በክር ተዘምዝሟል።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «አስከሬኑን ያገኘኸው አንተ ነህ፤ ስፒናውን ቀድመህ አይተሃል። ዝም ያልከው ለዚህ ነው።»

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አለ። «እንደዚያ ብለው ይጻፉ። እትዬን ይተዉልኝ።»

ሚስቲቱ ቀና አለች።

«ያ ድምፅ እንቅልፍ ነስቶት ነበር፤ ሱቁ ሄጄ ጠይቄ ቆረጥኩት። ጥዝታው ሲጠፋ ገመዱ ነው ብሎ በደስታ ሊያብድ! ወንድሜ መጥቶ ይስማ አለ። አንዴ እንኳ ወንድሙን ይርታው ብዬ መቁረጤን አልነገርኩትም።»

ነጋዴው ፊቱን በእጁ ሸፈነ። መርማሪዋ ደብተሯን አወጣች። የሞተው ሞቷል፤ የቆረጠችውም የምትወደውን ልታስደስት ነው፤ ይህ ሁሉ ግን መጻፍ አለበት።

ካቴናውን ከወንድምየው እጅ ፈታች። እሱ ግን እጆቹን መልሶ ዘረጋላት።

«እባክዎ» አላት።