የአሥራ ሰባተኛዋ ደም

አባ በረዶ የሞቱት ሃያ ዓመት በጠበቁት የሆስፒታሉ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ነው። የደም ናሙና ጠባቂው ሽማግሌ በመደርደሪያዎቹ መካከል ተኮራምተው ተገኙ። በሩ ከውጭ ተቆልፏል፤ ቁልፉ የነርሷ ነው። ፖሊሶቹ በካቴና ሊያስሯት ሲሉ መርማሪዋ «ቆዩ!» አለች።

ጎንበስ ብላ የሟቹን ቀኝ እጅ አየች። የአውራ ጣታቸው ጫፍ በቅዝቃዜው ነጥቷል፣ ቆዳውም ተልጧል። ከበሩ አጠገብ በውስጥ በኩል ባለው የአደጋ ደወል የብረት መጫኛ ላይ ቁራጭ ቆዳ ተጣብቋል።

«ይሄ የት ነው የሚጮኸው?»

«ዶክተሩ ቢሮ ብቻ» አለ በሩ ላይ የቆመው የሆስፒታሉ ፋርማሲስት። «መስኮቴ ከበራቸው ፊት ለፊት ነው። ትናንት ከምሳ መልስ ገብተው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልወጡም።»

ከሟቹ ኪስ ብጣሽ ወረቀት ወጣ፦ «የ17 የደም ቁጥር ወርዷል። ጣቶቿስ?»

«ሲስተር፣ 17 ማን ናት?»

«የሰውነቷ መከላከያ በገዛ የጣት መገጣጠሚያዎቿ ላይ የተነሳባት ሴት። የኮሌስትሮል መቀነሻ ክኒን እንዲህ ያለውን የሰውነት መቆጣት ያበርድ እንደሆነ እያጠናን ነው። ግማሾቹ መድኃኒቱን ይውጣሉ፣ ግማሾቹ ባዶ ክኒን።»

«እሷስ?»

«እኔ ምን አውቄ! ዝርዝሩ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ነው። ጥናቱ እስኪያልቅ ማንም አያየውም። ግን የካፖርቷን ቁልፍ እንኳ መቆለፍ አቅቷታል። አባ በረዶ አይተዋት ‹ልጄ፣ ደሟ ተሻላት ይላል፣ እጇ ግን አልሰማም› አሉኝ።»

«የክፍሉ ቁልፍ የት ነበር?»

«መሳቢያዬ ውስጥ። መሳቢያውን መቼ ቆልፌው አውቃለሁ!» እንባዋ መጣ። «ሁለት ልጆች አሉኝ፣ እባክዎ…»

የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር መርማሪዋ ቢሮው ስትገባ ከወንበሩ አልተነሳም። «ምስኪን፣ ልባቸው ወዲያው ቆሞ ይሆናል። ከምሳ በኋላ እዚሁ ነበርኩ፤ ደወል የሚባል አልሰማሁም።»

«የ17 መቆጣት ግን ጥሩ ወርዷል አሉ?»

«ታዲያስ! መድኃኒቱን እየዋጠች ለምን አይወርድ?»

መርማሪዋ ፖስታውን ከካዝናው አስወጣች። ከሰዓትም ሁሉንም እዚያው ቢሮ ሰበሰበች። ፋርማሲስቱ ብቻ አልነበረም።

«ዶክተር፣ ነርሷ የማታውቀውን እርስዎ እንዴት አወቁ?» ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ሙጫው ሁለት ጊዜ የተቀባ ነው። ከፍተው አዩ። መድኃኒቱን እየዋጠች ያልተሻላት 17 ጥናትዎን ልታበላሽ ነው፤ ስለዚህ ደሟን በሌላ ሰው ደም ቀየሩ። ወረቀቱን አሳመኑት፣ ጣቶቿን ግን ማን ያሳምን? ሽማግሌው ነቁብዎት፤ በምሳ ሰዓት ቁልፉን ካልተቆለፈው መሳቢያ ወስደው ቆለፉባቸውና ቢሮዎ ገቡ።»

«ግምት!» አለ ዶክተሩ። «ቁልፉ የእሷ ነው!»

መርማሪዋ ሰዓቷን አየች።

ከዶክተሩ ራስ በላይ ያለው ደወል ጮኸ። ነርሷ ጆሮዋን ያዘች። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ደወሉም አላቆመም።

«ፋርማሲስቱ ነው፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ» አለች መርማሪዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ትናንትም እንዲህ ነው የጮኸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለው ሰሙት።»

«አርባ ደቂቃ ነው!» ብሎ ጮኸ ዶክተሩ።

ደወሉ ቆመ። ዶክተሩ የገዛ ቃሉን ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ።

«መድኃኒቱ ለሌሎቹ እውነት ሠርቶ ይሆናል» አለች መርማሪዋ። «ከእንግዲህ ማን ያምነዋል?»

ካቴናው ወደ ዶክተሩ ዞረ። ነርሷ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ 17 ለቀጠሮዋ ቁጭ ብላለች፤ ካፖርቷ እንደተከፈተ ነው።

«ሽማግሌው ዛሬ የሉም እንዴ?» አለች። «እሳቸው ነበሩ የሚቆልፉልኝ።»

ነርሷ ተንበረከከችና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችላት።