የቨርነን ክሌግ የመጨረሻ ግምት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከተማው አፍ አፉን ሲያየው የኖረው ቨርነን ክሌግ፣ በመጨረሻ የተገኘው ያው አፉ ተሰባብሮ ነው። «የበግ ጠጉር» ከሚባለው መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ፣ በጠባቧ ክፍል ምንጣፍ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ገብቷል። ሁለት ጥርሶቹ ከወንበሩ እግር ሥር ወድቀዋል፤ አጠገቡ ያለው የናስ ደወል ደግሞ ደምና ሽበት ተለጥፎበታል። ገዳዩ አንዴ መትቶ አልበቃውም። ሰውዬው ከወደቀም በኋላ መምታቱን አላቆመም።

ደወሉ የመጠጥ ቤቱ ነው። በየዓመቱ የእግር ኳሱ ውድድር በሚጀመርበት ዋዜማ ቨርነን ያንን ደወል ደውሎ በርጩማ ላይ ይቆማል። ዋንጫውን ማን እንደሚበላ፣ ከሊጉ እነማን እንደሚወርዱ፣ መጀመሪያ የሚባረረው አሰልጣኝ ማን እንደሆነ ይናገራል። የክራግዴል ከተማ ሰው በማግስቱ በዚያ ቃል ይወራረዳል። ላም አለኝ በሰማይ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ግን ቨርነን ከሚስተው የሚመታው ይበዛ ስለነበር፣ ከቄሱ ስብከት ይልቅ የእሱ ግምት ነበር የሚጠበቀው።

ኢንስፔክተር ሜቪስ ኦልድሮይድ ስትደርስ ሁለተኛው ግድያ ተጀምሯል። ሕዝቡ የመጠጥ ቤቱን ባለቤት ሩበን ደክስበሪን ጎትቶ ጓሮ አውጥቶ በጫማ ይረግጠዋል። ሩበን ክራግዴል ውስጥ ዕድሜውን ቢገፋም ትውልዱ ከኮረብታው ማዶ፣ ከላንክሸር ነው። ክራግዴል ያለችበት ዮርክሸር ከላንክሸር ጋር የጥንት ባላንጣ ስለሆነ፣ ይህ ራሱ ግማሽ ወንጀል ነው።

«ላንክሸሬው ነው የገደለው! እጁ ላይ ደም አለ!»

ሜቪስ ሃምሳዎቹን ያለፈች፣ አጭርና ደንዳና ሴት ናት። አልጮኸችም። በሰዉ መሀል ገብታ ከሩበን ራስ አጠገብ ቆመች።

«ቀጥሉ እንጂ» አለች። «እሱም ሲሞት ግን መጀመሪያ የረገጠውን ነው የማስረው። ማነው የመጀመሪያው?»

የመጀመሪያ የሚሆን ጠፋ። ኮንስታብል ፒርስ የተባለው ረዳቷ ሩበንን በብብቱ ይዞ ወደ ወጥ ቤት አስገባው። ሕዝቡ ግን አልሄደም፤ አጥሩን ከቦ ቆመ። ማታውን ገዳይ ካልተሰጠው ሩበንን ከነቤቱ እንደሚያቃጥለው በግልጽ ይናገር ነበር።

ሜቪስ ሰው ስትጠይቅ ዓይኗን የመጨፈን ልማድ አላት። የምትፈልገው አንድ ነገር ነው። «እንደመሰለህ ሳይሆን፣ እሱ እንዳለው በልልኝ» ትላለች።

ሩበን የተሰነጠቀ ከንፈሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ተቀመጠ።

«ደወሉን ማን ነው ፎቅ ያወጣው?»

«እኔ ነኝ፣ እመቤቴ። ከሰዓት በኋላ፣ ሁሌ እንደማደርገው። ስለ ክለባችንም ጠየቅኩት።»

«ምን አለህ? እንዳለው።»

«‹እነዚህ ዘንድሮ ይወርዳሉ› አለኝ።»

«‹እነዚህ›?»

«ቨርነን ነዋ! የተወለደው ከስታዲየሙ አጥር ሥር ነው፤ ግን አንድ ቀን ‹እኛ› ብሎ አያውቅም። ‹ልቡን ያስገባ ገማች ይከስራል› ይላል። ዋንጫ የበላን ጊዜ እንኳ ከተማው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ‹አሸነፉ› ብሎ ቢራውን ጨለጠ። ለዚች ቃል ስንቴ ሊደበድቡት ተነሱ መሰልዎት!»

ሜቪስ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «‹የበላን› አልክ? አንተ የላንክሸር ሰው?»

ሩበን ያበጠ ፊቱ ቀላ። «ኖሬበት እኮ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ከዚያስ መቼ ወጣህ?»

«እራቱን ይዤለት። አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። ተደፍቶ አገኘሁት። ላነሳው ስል ነው ደሙ እጄን የነካኝ። እመቤቴ፣ እኒህ ሰዎች ይገድሉኛል?»

«እኔ እያለሁ አይገድሉህም» አለችው። ይህን ስትል አንድ ድንጋይ የወጥ ቤቱን መስኮት ሰብሮ ገብቶ ከሳህኖቹ መሀል ወደቀ።

ቀጥሎ የገባው ላይል ክራብትሪ ነው። በኮምፒውተር እየቀመረ ግምት የሚሸጥ፣ ቨርነንን እንደ ሾህ የሚያይ ቀጭን ጎልማሳ ነው።

«ተጣልተናል፤ አልክድም» አለ። «ቁጥሮቼን ላሳየው ወጣሁ፣ ሳቀብኝ። ‹ክራግዴሎች ይወርዳሉ፤ ሂድና በኮምፒውተርህ አሳምረው› አለኝ። ደሜ ፈላ። ግን በሩን ደርግሜ ወጣሁ እንጂ አልነካሁትም።»

«ታች ስትወርድ እነማን ነበሩ?»

«ሄዘል ሻይ ይዛለት ስትወጣ ደረጃው ላይ ተላለፍን። ከዚያ ቤቱ ሞላ። በኋላ የክለባችን ሱቅ ሠራተኛ ባሪም መጣ፣ ያውም ያንን አዲሱን ቢጫ ማልያ ለብሶ! ‹ከምለብሰው መገነዣዬን ልልበስ› ብሎ እዚሁ የማለ ሰው! ዓለም እንዲህ ናት።»

ሄዘል የቨርነን አንድ ልጅ ናት፤ ቢራ ትቀዳለች። ዓይኗ ደርቋል።

«ሻዩን ስወስድለት ደህና ነበር። እየሳቀ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ባሪ ሲለምነው ከርሟል፤ አባዬ ይወርዳሉ ካለ የዓመት ትኬት የሚገዛ አይኖርም፣ ክለቡ ይዘጋል እያለ።»

«የማታውን ግምት ታውቂዋለሽ?»

«አውቀዋለሁ። ግን እሱ ሳይናገረው እኔ አልናገረውም። በሱ በርጩማ ላይ አልቆምም።» ሜቪስ አላስገደደቻትም።

መጨረሻ ላይ ባሪ ሰግደን ገባ። የክራግዴል የድሮ አምበል ነው፤ አፍንጫው ሁለት ጊዜ ተሰብሮ ተጣሟል፣ አሁን የክለቡን ሱቅ ይጠብቃል፤ የሚሸጥ ማልያ የሞላ ከረጢቱን ከመጠጥ ቤቱ በር ጀርባ አስቀምጧል። የለበሰው አዲስ ማልያ ደረቱ ላይ የእጥፉ መስመር ገና አልጠፋም።

«ላንክሸሬውን አሁኑኑ ውሰጂው፣ እህት ዓለም» አለ። «እኔ በጓሮ ስገባ ቨርነን በመስኮት ብቅ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓት አንድ ሲል ነው። ጮኾ ተናገረኝ። ከዚያ ቤት ገባሁ፣ ሬሳው እስኪገኝ ከዚህ አልተነቃነቅኩም። መቶ ሰው ይመሰክራል። በመሀል ፎቅ የወጣው ሩበን ብቻ ነው።»

«ምን ብሎ ጮኸ?»

«‹ባሪ፣ ዘንድሮ እንወርዳለን!› አለኝ።»

ሜቪስ ዓይኗን አልገለጠችም። «እንደመሰለህ ነው ወይስ እንዳለው?»

«እንዳለው።»

«ቃል በቃል? ትምላለህ?»

«በእናቴ መቃብር! ‹ዘንድሮ እንወርዳለን›፤ ቃል በቃል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሜቪስ አመስግና አሰናበተችውና ፎቅ ወጥታ ሬሳውን እንደገና አየች። ሻዩ ሳይነካ በርዷል። ቨርነን ደግሞ ሻይ ሳይቀዘቅዝ የሚጠጣ ሰው እንደነበር ሄዘል ነግራታለች።

ውጭ ያለው ሕዝብ እየጨመረ፣ ጩኸቱም እየከረረ ሄደ። አንዱ የቤንዚን ጀሪካን ይዞ መጥቷል። ፒርስ ፊቱ ገርጥቶ ገባ።

«ኢንስፔክተር፣ ከዚህ በላይ አልመክታቸውም።»

«እንግዲያው በሩን ቆልፍና አራቱንም ሰብስብልኝ።»

በባንኮኒው ዙሪያ ተቀመጡ። ሩበን ጎድኑን ይዟል፤ ላይል ጥፍሩን ይበላል፤ ሄዘል ቆማለች፤ ባሪ ሰፊ ክንዶቹን አጣምሯል። የዚህኛውም ክፍል መስኮት በድንጋይ ተሰብሮ ስባሪው ከእግራቸው ሥር ይንኮሻኮሻል።

«ሩበን ገዳይ የሚባለው በአንድ ምስክርነት ነው» አለች ሜቪስ። «ቨርነን አንድ ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር በሚለው። ያ እውነት ከሆነ ከሩበን ሌላ ገዳይ የለም። ውሸት ከሆነ ግን ቨርነን ከዚያ በፊት ሞቷል፤ ሻዩን ሳይቀምስ፣ ሄዘል ሰጥታው እንደወረደች።»

«ውሸት ነው የምትይኝ?» አለ ባሪ።

«ሁላችሁንም የቨርነንን ቃል ጠየቅኳችሁ። ሩበን ‹ይወርዳሉ› አለኝ። ላይል ‹ይወርዳሉ› አለኝ። ‹እንወርዳለን› ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ።»

ሄዘል ቀና ብላ ባሪን አየችው።

«አፌ ነዋ ያመጣው!» አለ ባሪ እየሳቀ። «እኛ እዚህ ሁላችንም ‹እኛ› ነው የምንል፣ እህት ዓለም!»

«ይህን ሰበብ ስለፈራሁ ነው ያስማልኩህ። ሌሎቹም ‹እኛ› ባዮች ናቸው። ሩበን እንኳ ‹ዋንጫ የበላን ጊዜ› ብሎኛል። የቨርነንን ቃል ሲያወሩ ግን ወደው አይደለም ‹ይወርዳሉ› የሚሉት። ያ ቃል ጆሯቸውን አቁስሎታል። የሰማው ሰው አይስተውም። ያልሰማው ነው የራሱን አፍ ለሟች የሚያውሰው።»

«የዋሸ ሁሉ ገዳይ አይደለም» አለ ላይል።

«አይደለም። ግን አንድ ሬሳ አንድ ሰዓት ላይ እንዲናገር የሚፈልግ ማነው? ከአንድ ሰዓት በኋላ መቶ ምስክር ያለው፣ ከዚያ በፊት ግን አንድም የሌለው ሰው ነው። ላይል ሲወርድ ቨርነን በሕይወት ነበር፤ ሄዘል ሻይ ወስዳለታለች። አንተ ደግሞ በጓሮ መግባትህን ራስህ ነገርከኝ፣ ባሪ። የጓሮው ደረጃ ቀጥ ብሎ ወደ ቨርነን ክፍል ያወጣል።»

ባሪ የተጣመሩ ክንዶቹን ፈታ።

«ማልያህ ያምራል» አለችው።

«ምን?»

«‹ከምለብሰው መገነዣዬን ልልበስ› ብለህ የማልክበት ማልያ። ከእጥፉ ዛሬ ነው የወጣ። ልትሸጣቸው በከረጢት ይዘሃቸው መጥተህ ነበር። መሐላህን አፍርሰህ አንዱን የለበስከው፣ ለብሰኸው የመጣኸው አሮጌው ማልያ የማይለበስ ሆኖብህ ነው። ፒርስ፣ ከረጢቱን።»

ፒርስ ከበሩ ጀርባ ያለውን ከረጢት ባንኮኒው ላይ ገለበጠው። ቢጫ ማልያዎቹ ተንሸራተው ወረዱ። ከሥራቸው አንድ የተጠቀለለ አሮጌ ማልያ ወጣ፤ ጀርባው ላይ አምስት ቁጥር አለበት። ደረቱ በደም ደርቆ እንደ ካርቶን ቆሟል።

ባሪ አጠገቡ ያለውን ጠረጴዛ ገልብጦ ተነሣ። ፒርስን በቡጢ ጥሎት በሩ ድረስ ደረሰ። ጎድኑ የተሰበረው ሩበን በርጩማ አንሥቶ ጉልበቱን መታው፤ አብረው ወለሉ ላይ ወደቁ። ፒርስ ከንፈሩ እየደማ ከላይ ተጫነበት።

«ለመንኩት!» ብሎ ጮኸ ባሪ ከወለሉ። «ተንበርክኬ ለመንኩት! ‹ዝም ብቻ በል፣ ክለቡን አትግደለው› አልኩት። ሳቀብኝ። ‹ይወርዳሉ፣ ባሪ› አለኝ። ‹እንወርዳለን› ቢለኝ እኮ አብሬው አልቅሼ እወጣ ነበር! የአባቱን ሬሳ ሳጥን በማልያችን ሸፍነን የተሸከምነው እኔና እሱ ነን። እንዴት ‹እነሱ› ይለኛል? ስመታው ‹እኛ በል› እያልኩት ነበር። ‹አንዴ እኛ በል!› አላለም።»

ሜቪስ የደማውን ማልያ አንሥታ በሩን ከፈተችና ለሕዝቡ አሳየችው። የድሮውን አምበል አምስት ቁጥር ሁሉም ያውቀዋል። ጩኸቱ ወዲያው ቆመ፤ ጀሪካኑን የያዘው ሰውዬ መሬት አስቀመጠው። ሩበን ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠና በእፎይታ ዓይኑን ጨፈነ።

ሄዘል ያን ጊዜ ነው ከባንኮኒው ጀርባ የወጣችው። ከባሪ ፊት ቁጢጥ አለች።

«አባዬ ጠዋት ቁርስ ላይ ነግሮኛል» አለችው። «የማታው ግምቱ ‹ይተርፋሉ› ነበር።»

«ውሸት ነው» አለ ባሪ። «ይወርዳሉ ብሎኛል። ለሩበንም ብሎታል፣ ለላይልም ብሎታል።»

«ቀድሞ ለጠየቀው ሁሉ ተቃራኒውን ነው የሚናገረው። የማታው እንዳይበላሽበት ነው። እኔና እሱ ብቻ ነን የምናውቀው።»

ባሪ አንገቱን ቀና ለማድረግ ታገለ። «እኔንስ? እኔንስ ለምን ያሾፍብኛል? እኔ እኮ ጓደኛው ነኝ!»

«ፊትህን ሊያይ ነዋ» አለች፤ የደረቀው ዓይኗ አሁን ሞላ። «ከበርጩማው ላይ ሆኖ ሲናገር፣ ከሰው ሁሉ ያንተን ፊት ሊያይ። ‹ባሪ እንደ ሕፃን ያለቅሳል፣ ታያለሽ› ብሎኝ ነበር።»

ፒርስ ካቴናውን አስገባለት። ባሪ ሰግደን ግንባሩን ወለሉ ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።