ገና ያልተዘረጋ የጅብ ጥላ

«ሰሞኑን ምን በላች?» አለች ነርሷ ልደት፣ የትንሿን ዓፊያን ሆድ ጫን ጫን እያደረገች።

«ኧረ እንደ ሁላችን ሽሮ ነው የበላችው» አለች እናቷ ረቢአ። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሳት አደረ። ያ ረቢ፣ ኢንተላ ኮ! ልጄን!»

ሱዓድ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቀርታለች። ታናሽ እህቷ የበላችውን ታውቃለች።

ባለፈው ሳምንት የባዮሎጂ መምህራቸው ማስረሻ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ያለ የባሕር ዛፍ ጫካ ወስዶ፣ ሥር ላይ ተጣብቆ የሚያድግ፣ የሚበላ ድብልብል እንጉዳይ አሳይቷቸው ነበር። «ሳትቆርጡ አትመኑ» አላቸው። «ውስጡ እንደ ድንች ድፍን ከሆነ እሱ ነው። የጃንጥላ ቅርጽ ካያችሁበት ግን ገና ያልተዘረጋ የጅብ ጥላ ነው። እሱ ደግሞ ተንኮለኛ ነው፤ ያሳምምና ተሻለኝ ያሰኛል፣ ከዚያ ይገድላል።»

ከትናንት ወዲያ ሱዓድና ጓደኛዋ መሊካ ተደብቀው ሄደው ቆፈሩ። መሊካ «እንቁረጠው እንዴ?» ስትላት «ባክሽ አታካብጂ! በዓይኔ ነው የምለየው» አለቻት። ጉረኛ! እቤት ወስዳ ጠበሰችው። ሳህን ልታመጣ ዞር ስትል ዓፊያ ከመጥበሻው አንስታ ጥርግ አድርጋ በላችው።

ትናንት ሕመሙ ሲጀምር መሊካ እጇን ይዛ ለመነቻት። «አባዬ ከሰማ ከትምህርት ቤት ያስቀረኛል። ወላሂ በይ!»

«ወላሂ፣ አልናገርም።»

ወላሂ እነሱዓድ ቤት ጨዋታ አይደለም። አባቷ ወላሂ ብሎ ያፈረሰን ሰው ሰላም እንኳ አይለውም።

«ማስመለሱ ቆሟል» አለች ልደት። «ተሽሏታል። ኪኒኑን እየሰጣችሁ ቤት ትተኛ።»

«አልሐምዱሊላህ!» ረቢአ ጎንበስ ብላ ልጇን አዘለች። ዓፊያ «እማ፣ ለስላሳ ትገዢልኛለሽ?» ብላ ፈገግ አለች።

ሱዓድ ከግድግዳው ተላቀቀች። ተሻላት! መምህሩ ያለው ይኸው ነው። ቤት ከወሰዷት ትሞትባታለች።

«እማ... ወላሂ ብሎ ያፈረሰ ሰው ምን ያደርጋል?»

«ይጾማላ! ምን ሆነሻል አንቺ፣ አሁን ይሄ ይጠየቃል?»

«እሺ፣ እጾማለሁ።» እንባዋን በሻሿ ጠረገችና ዓፊያን ከእናቷ ጀርባ ላይ መልሳ አወረደቻት።

«ሲስተር» አለች፣ «እንጉዳይ በልታለች። የጠበስኩት እኔ ነኝ።»