ቀኑን ያልጣለው ፋይል

ሟቹ በሰርቨር ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቆ፣ ደሙ በሁለት የማሽን መደርደሪያዎች መካከል ፈስሶ፣ ከማቀዝቀዣው በሚወጣው ብርድ ረግቷል። አጠገቡ ክንድ የሚያህል የመደርደሪያ ብረት ወድቋል፤ ጫፉ ላይ ጸጉር ተጣብቆበታል። የሟቹ ላፕቶፕም አልተረፈችም። ስክሪኗ ደቅቆ፣ ሆዷ ተዘርግፎ፣ ክዳኗ ላይ የተለጠፈው የፔንግዊን ሥዕል ብቻ በቀረችው አንድ ዓይኑ ጣሪያውን ያያል።

«ስንት ጊዜ ተመታ?» አለች መርማሪዋ።

«ሦስት» አለ ሐኪሙ። «አንዱን ቆሞ፣ ሁለቱን ከወደቀ በኋላ።»

«ሰዓቱስ?»

«እዚህ ክፍል ውስጥ እንኳን ሰው ወተትም አይበላሽም፣ እትዬ። ከረፋዱ አራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የፈለጉትን ይበሉ። ከዚያ በላይ ብናገር ዋሸሁ።»

መርማሪዋ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ቀጭን፣ ድምፅዋን የማታነሣ ሴት ናት። የጣቢያው ሰዎች «እትዬ መርፌ» ይሏታል። ስለምትወጋ አይደለም፤ ሌላው የጨረሰውን ልብስ ገልብጣ የውስጥ ስፌቱን ስለምታይ ነው።

ሳጅኑ በሩ ላይ ይጠብቃታል። «ነገሩ ያለቀለት ነው» አላት። «ድርጅቱ የሰዎችን ፋይል በኢንተርኔት ተቀብሎ ቆልፎ የሚያስቀምጥ ነው። ሠራተኞቹ አራት ብቻ ናቸው። ሟቹ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ የጋራ ፎልደራቸው ውስጥ ማስታወሻ አስገብቷል። እስከዚያ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ከሰባት ሰዓት በኋላ ደግሞ ሕንፃው ውስጥ ከሟቹ ሌላ የነበረው መሐንዲሱ ብቻ ነው። ጣቶቹ ተልጠዋል። የሟቹም ከንፈር ተሰንጥቋል። አሥሬዋለሁ።»

«ማስታወሻው ምን ይላል?»

ሳጅኑ ከወረቀት አነበበ። «'የፕሮግራማችንን ኮድ አይቼ ጨርሻለሁ። ንጹሕ ነው። ለሕዝብ መክፈት አያስፈልግም።' ይኼው ነው።»

መሐንዲሱ ሻይ በሚፈላበት ጠባብ ክፍል ውስጥ እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። በሩ ላይ አንዲት ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ዓይኗ ደርቋል። የሟቹ እህት፣ የመሐንዲሱም ሚስት ናት።

«እትዬ» አለች፣ መርማሪዋ ሳታልፍ። «ወንድሜን የገደለው ባሌ ነው? አዎ ወይም አይደለም በሉኝ። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የምነግራቸውን ልወቅ።»

«ሳላውቅ አልነግርሽም» አለች መርማሪዋ። «ሳልነግርሽም አልሄድም።»

ገብታ ከመሐንዲሱ ፊት ተቀመጠች። «እጅህን ምን ነካው?»

«በር።»

«በሩ ጥርስ አለው?»

መሐንዲሱ ወደ ሚስቱ አየና አቀረቀረ። «ትናንት መታሁት። አንድ ጊዜ፣ አፉ ላይ።»

«ለምን?»

«ኮዱ ውስጥ ስርቆሽ በር አለ አለኝ። የደንበኞቹ ሁሉ የይለፍ ቃል እየተገለበጠ አንድ ቦታ ይጠራቀማል አለ። 'የሠራኸው አንተ ነህ ወይ?' አለኝ። የልጆቼ አጎት ሌባ አለኝ። እጄ ቀደመኝ።»

«ሠርተኸዋል?»

«እኔ እዚህ አራት ዓመቴ ነው። ያ ክፍል ከእኔ በፊት የተጻፈ ነው፤ ከፍቼው አላውቅም።»

«ዛሬስ የት ዋልክ?»

«ከአራት ተኩል እስከ ሰባት አዳራሽ ነበርኩ። አለቃ ለደንበኞች ንግግር የሚያደርግበትን መድረክ ከሦስት የአዳራሹ ሠራተኞች ጋር ሳዘጋጅ፤ ንግግሩ ስድስት ላይ ከጀመረ በኋላም ድምፁን ስቆጣጠር። ከሰባት በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ ነበርኩ።»

«ሰርቨር ክፍሉን አልከፈትክም?»

«ዓይኑን ማየት አፈርኩ። ማታ ቤት ሲመጣ እግሩ ላይ እወድቃለሁ ብዬ ነበር።»

አስከሬኑን ያገኘችው የደንበኞችን ደብዳቤ የምትመልሰው ሴት ናት። የቀሚሷ ጉልበት በደም ርሷል፤ ተንበርክካ ቀና ልታደርገው ሞክራ ነበር። መርማሪዋ ውኃ ሰጠቻትና ሥራዋን እንድታስረዳት ጠየቀቻት። ሰው ሥራውን ሲናገር ይረጋጋል።

«አብዛኛው ደብዳቤ ስለ ሊኑክስ ነው» አለች መላሿ። «ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነው፤ ግን ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው። ምስጢሬን ማንም አይይብኝ የሚሉ ሰዎች ይወዱታል። እኛ ደግሞ ምስጢር ጠባቂ ነን እንላለን፤ ለዊንዶውስ አፕ አለን፣ ለሊኑክስ የለንም። ጃንጥላ ሻጭ ሆኖ ዝናብ የሚመታውን ሰው 'ለአንተ የለም' እንደ ማለት ነው። አሥራ አንድ ሺህ ሰው ጠይቋል።»

«ምን ትመልሺላቸዋለሽ?»

«'ጥያቄዎን ተቀብለናል፤ በዕቅዳችን ውስጥ ነው።' አለቃ የሰጠኝ መልስ ይኼ ነው። አንዱ 'ልጄ ስትወለድ ጠየቅኳችሁ፤ አሁን ፊደል ቆጥራ የእናንተን መልስ ታነብልኛለች' ብሎ ጽፏል።» ፈገግ ልትል ሞክራ ተወችው። «ሟቹም ከእነሱ አንዱ ነው። በሊኑክስ ምልክት በወፏ ስም ፔንግዊን ነበር የምንለው፤ ሊኑክስ ካልሆነ ማሽን አይነካም። እንደ ሊኑክስ ደንበኞቻችን አፕ ስለሌለው ፋይሉን በድረ ገጽ በኩል አንድ በአንድ ነበር የሚያስገባው። ሲለምን ኖሮ አፑን ራሱ እንዲሠራ ተፈቀደለት። የሊኑክስ ሰዎች ኮዱ ለሕዝብ ይከፈት፣ በዓይናችን እንየው ስላሉ አሮጌውን ኮድ ማንበብ ጀመረ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ የአንዲት ሴት ደብዳቤ መጣ። 'ከባሌ ሸሽቼ የተደበቅኩበትን አድራሻ የጻፍኩት እናንተ ጋ ብቻ ነው። አሁን በሬን በመዶሻ እየሰበረ ነው' ይላል። መለስኩላት። እሷ ግን ደግማ አልጻፈችም። ፔንግዊን ያን ደብዳቤ ካነበበ በኋላ እንቅልፍ አጣ።»

«ዛሬ ከአራት ተኩል በኋላ እዚህ ማን ነበር?»

«እኔ ፊት ለፊት ክፍል ውስጥ ስልክ ላይ፣ ፔንግዊን ማሽኖቹ ጋ፣ አለቃ ቢሮው ውስጥ። አለቃ ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ ቦርሳውን ይዞ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ወጣ። እኔም ሰባት ሰዓት ላይ ወደ አዳራሹ ሄድኩ፤ በር ላይ ከመሐንዲሱ ጋር ተላለፍን። ዘጠኝ ተኩል ስመለስ...» ጉልበቷን አየች።

«ድምፅ አልሰማሽም?»

«የማሽኖቹን ማራገቢያ ይስሙት። በሩ ከተዘጋ ሰው ቢታረድም አይሰማ።» ያለችውን ሰምታ አፏን ያዘች።

አለቃው፣ የድርጅቱ መሥራች፣ ቢሮው ውስጥ ኮቱን እንደ ቆለፈ ያልበዋል። ጠረጴዛው ላይ ጡብ የሚያህል የመስታወት ሽልማት ተቀምጧል።

«ከስድስት እስከ ዘጠኝ መድረክ ላይ ነበርኩ» አለ። «ሁለት መቶ ሰው አይቶኛል። የሚጠረጥሩኝ ከሆነ ሁለት መቶውንም ይጠርጥሩ።»

«ጠባብ ጣቢያ ነው ያለን» አለች መርማሪዋ። «ማን ከየት ሆኖ ፋይል እንዳስገባ መዝገብ አላችሁ?»

«የለንም። ክብራችን እሱ ነው። ማን፣ ከየትኛው ማሽን፣ ከየትኛው ከተማ... አንመዘግብም። መፈክራችን 'ቁልፉ በእርስዎ እጅ ብቻ' ነው። የመጀመሪያውን ኮድ ብቻዬን፣ በእነዚህ ሁለት እጆቼ ነው የጻፍኩት።»

«የሊኑክስ ሰዎችን ደብዳቤ ያነባሉ?»

ሳቀ። «ደብዳቤ የምታነብ ሠራተኛ ቀጥሬያለሁ፣ እመቤቴ።»

መርማሪዋ ግን አነበበች። ከመላሿ አጠገብ ተቀምጣ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አውርዳ፣ የማታውቃቸውን ሰዎች ልመና አንድ በአንድ አየች። ሳጅኑ ሁለቴ መጥቶ ሁለቴ ተመለሰ። አንዱ ደብዳቤ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሁለቴ አነበበችው።

«የሟቹን ፋይሎች ዝርዝር ክፈቺልኝ» አለች። «ይዘታቸውን አይደለም። ዝርዝሩን ብቻ።»

ዝርዝሩን ካየች በኋላ ሁሉንም ፊት ለፊት ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አለቃው ቦርሳውን እግሩ ሥር አድርጎ፣ ሽልማቱን ጉልበቱ ላይ ይዞ ተቀመጠ፤ ቢሮው ስለሚታሸግ እንዳይሰበር ብሎ ነው ይዞት የወጣው። መሐንዲሱ ከነካቴናው ግድግዳው ሥር ነው። እህቲቱ በሁለቱ መካከል ቆማለች።

«አንድ ደብዳቤ ላንብብላችሁ» አለች መርማሪዋ። «'የሊኑክስ አፕ ስለሌላችሁ የእናቴን ፎቶዎች በድረ ገጽ በኩል አስገባሁ። ሁሉም ቀናቸውን ጥለው ዛሬ የተነሡ ሆነው ተመዘገቡ። እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት። አፕ ያላቸው ጓደኞቼ ግን ፋይላቸው የተሠራበትን ቀን አይጥልም።'» ወደ መሐንዲሱ ዞረች። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ መሐንዲሱ። «በአፑ ሲገባ ፋይሉ የተጻፈበት ሰዓት አብሮት ይሄዳል። በድረ ገጽ ሲገባ የተጻፈበት ሰዓት ጠፍቶ የገባበት ብቻ ይቀራል።» ድንገት ቀና አለ። «ማስታወሻው...»

«ፔንግዊን አራት መቶ አሥራ ሁለት ፋይል አለው። በአራት መቶ አሥራ አንዱ ላይ የተጻፈበትና የገባበት ሰዓት አንድ ነው፤ በድረ ገጽ የገቡ ናቸው። አንዱ ብቻ ቀኑን አልጣለም። የዛሬው ማስታወሻ። የገባው ስምንት ሰዓት ከሃያ፣ የተጻፈው አምስት ሰዓት ከአርባ ሁለት። አፑ ካለበት ማሽን ነው የመጣው። ሟቹ ደግሞ እንዲህ ያለ ማሽን አይነካም። እናም ስምንት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበር የሚያሰኘን ነገር የለም።»

ሳጅኑ ካቴናውን አየ። «መሐንዲሱም አፑ አለው እኮ።»

«አለው። አምስት ሰዓት ከአርባ ሁለት ላይ ግን አዳራሽ ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር ሽቦ ይጎትት ነበር። በዚያ ሰዓት ከሟቹ ሌላ እዚህ የነበሩት ሁለት ናቸው። ማስታወሻው የገባው በሟቹ ስም ስለሆነ የጻፈው ሰው የሟቹን የይለፍ ቃል ያውቃል። መላሿ ከየት አምጥታ? ቁልፉ በባለቤቱ እጅ ብቻ ነው ብላችሁ ለዓለም ምላችኋል። የሰው ሁሉ ቁልፍ ያለው ስርቆሽ በሩን የሠራው ነው። የመጀመሪያውን ኮድ ብቻውን የጻፈው።»

የአለቃው ላብ ከአገጩ ወደ መስታወቱ ይንጠባጠባል።

«ሟቹ ትናንት የእህቱን ባል ጠየቀ፣ ተመታ። ዛሬ እርስዎን ጠየቀ፣ ተገደለ። በአፍጢሙ ከተደፋ በኋላ ሁለቴ ደገሙት። ማስታወሻውን በላፕቶፕዎ ጻፉ፤ ላፕቶፕዎን ከኢንተርኔት ለይተው አዳራሽ ወሰዱት፤ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ በንግግሩ እረፍት ሲያገናኙት አፑ ራሱ ላከው። መዝገብ ስለሌለ ማንም አያውቅም አሉ። አሥራ አንድ ሺህ ሰው የጻፈልዎትን አንዱን እንኳ ቢያነቡ ኖሮ ግን ያውቁ ነበር። አሁን ኮትዎን ይፍቱ። ሸሚዝዎ እዚያ ቦርሳ ውስጥ ይመስለኛል።»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ ቦርሳውን ሲይዝ አለቃው በመስታወቱ ጆሮ ግንዱን አለው። ሳጅኑ ወደቀ። ሁለተኛው ምት ወደ መርማሪዋ ሲሰነዘር መሐንዲሱ ከግድግዳው ተስፈንጥሮ በታሠሩ እጆቹ የአለቃውን አንገት ከኋላ ጠለፈ። ሁለቱም ወለሉ ላይ ወደቁ። የኮቱ ቁልፎች ተበጠሱ፤ ከሥሩ ለእንግዶች የሚታደለው ነጭ ካናቴራ ታየ፣ ደረቱ ላይ «ቁልፉ በእርስዎ እጅ ብቻ» የሚል ተጽፎበታል። የካቴናው ሰንሰለት ጉሮሮው ውስጥ ሰመጠ። ፊቱ ጠቆረ፣ እግሩ ወለሉን ደበደበ። መሐንዲሱ ጥርሱን ነክሶ ይጎትታል።

«ልቀቀው» አለች እህቲቱ። አጠገቡ ተንበረከከች። «ልቀቀው አልኩህ። አንተንም ልቅበርህ እንዴ?»

እጁ ላላ። አለቃው እየተንፈራጠጠ አየር ሳበ። ሳጅኑ ደሙን እየጠረገ ተነሥቶ ካቴናውን ከመሐንዲሱ እጅ ፈቶ ለአለቃው አደረገ። ቦርሳው ውስጥ በደም የደረቀ ሰማያዊ ሸሚዝና ገና በሟቹ ስም የተከፈተ ላፕቶፕ ተገኘ። አብሮም የደንበኞችን የይለፍ ቃል የገዙ ሰዎች ዝርዝር ነበር፤ መዶሻ የያዘው ባል አራተኛው ላይ ሰፍሯል። መርማሪዋ ስልክ አንሥታ ፖሊሶች ሸሽታ ወደ ተደበቀችው ሴት ቤት እንዲሄዱ አዘዘች።

ከዚያ ወደ እህቲቱ ተመለሰች። «አይደለም» አለቻት። ባልና ሚስቱ ተደጋግፈው ወጡ።

መላሿ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። «ምን ልመልስላቸው?» አለች።

«እውነቱን።»

ለአሥራ አንድ ሺሁም ጻፈች። «የሊኑክስ አፕ በዕቅዳችን ውስጥ ነው ስንላችሁ የኖርነው ውሸት ነው። የቁልፋችሁ ቅጂ በሌላ ሰው እጅ ነበር። ፋይላችሁን ዛሬውኑ አውጡ፣ የይለፍ ቃላችሁን ሁሉ ቀይሩ። ይህን ያገኘው ከእናንተ አንዱ ነበር። ስላገኘው ዛሬ ተገደለ።»

ላከችው። ደቂቃ ሳይሞላ የመጀመሪያው መልስ ገባ፤ የእናቱን ፎቶዎች ካስገባው ሰው ነው። መላሿ ስድቡን ልትቀበል ተዘጋጅታ ከፈተችው።

«ቀብሩ መቼ ነው?» ይላል።